ልዕልት ፀሐይ በነርስነት

በይርጋጨፌ ሆስፒታል የተኛ በሽተኛ ሌሊት ሕመም ሲጠናበት ተረኛዋን ነርስ፣ ስሟን ባያውቅ እንኳ፣ ሲስተር ብሎ ይጠራታል። ከኮንጋ የመጣው የቡና ገበሬም ሆነ በዋናው መንገድ ዳር ሱቅ የከፈተው ነጋዴ ሌላ መጠሪያ የለውም። ቃሉ ከእንግሊዝ ሆስፒታሎች የመጣ ነው። በዚያ አገር ልማድ አንድን የሕሙማን ክፍል፣ ማለትም ዋርድ፣ በኃላፊነት የምትመራውን ነርስ ያመለክት ነበር፤ በኢትዮጵያ ግን ትርጉሙ ሰፍቶ የሴት ነርሶች ሁሉ የክብር መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ከዚያም ራቅ ሲሉ መነሻው ድውያንን ያስታምሙ የነበሩ ሴት መነኮሳት እርስ በርሳቸው እኅት ይባባሉ ከነበረበት ዘመን ነው።

ይህን ሙያ በእንግሊዝ አገር ዋርድ ውስጥ ከታችኛው እርከን ጀምረው ተምረው በነርሶች መዝገብ ስማቸው የሰፈረ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ መሆናቸው ይነገራል። የሕይወት ታሪካቸው ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ አንዲት ርኅሩኅ የንጉሥ ልጅ ታሪክ ነው። ርኅራኄያቸው የሚካድ አይደለም፤ ነገር ግን ርኅራኄ ብቻውን ነርስ አያደርግም። የልዕልቲቱ አጭር ዕድሜ ከዚህ የጠለቀ ነገር ይዟል፤ ይኸውም የነርስ ሥራ የሚሰምረው በአንዲት ሴት ልብ ውስጥ ባለው ፍቅር ብቻ ሳይሆን ከጎኗ በቆሙት ሰዎችና ከእነርሱ ጋር ባላት የሥራ ትስስር መሆኑን ነው። ሕይወታቸው ይህን ሁለት ጊዜ አሳይቷል፤ አንድ ጊዜ ለንደን ላይ ሲማሩ፣ ሁለተኛ ጊዜ ነቀምቴ ላይ ሲሞቱ።

ልዕልት ፀሐይ ጥቅምት 2 ቀን 1912 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ያን ጊዜ አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን፣ እናታቸው ወይዘሮ መነን አስፋው ናቸው። ከመወለዳቸው ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ በ1911 ዓ.ም.፣ የኅዳር በሽታ እየተባለ የሚታወሰው ወረርሽኝ ከተማይቱን መትቶ ነበር። ራስ ተፈሪ ራሳቸው በዚያ በሽታ ተይዘው ከሞት አፋፍ የተመለሱ ናቸው። በከተማይቱ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ በሽተኛን ማስታመም የቤተ ዘመድና የጎረቤት ተግባር እንጂ የተማሩት ሙያ ተብሎ የሚታሰብ አልነበረም። ልዕልቲቱ በተወለዱ በሁለት ወር ገደማ የእንግሊዝ ፓርላማ ነርሶች ተፈትነው በመንግሥት መዝገብ እንዲመዘገቡ የሚያዝዘውን ሕግ አጸደቀ። በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የተወለደች ሕፃን በዚያ መዝገብ ውስጥ ትገባለች ብሎ ያሰበ ሰው ይኖራል ተብሎ አይገመትም።

ልዕልት ፀሐይ የመጨረሻዋ ሴት ልጅ ነበሩ። ያደጉት በቤተ መንግሥት ሥርዓት ሲሆን እንግሊዝኛን አጥርተው ይናገሩ ነበር፤ ይህ የቋንቋ ችሎታ በኋላ አገራቸውንም እሳቸውንም ጠቅሟል። አባታቸው በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ዕድሜያቸው ገና 11 ዓመት ነበር። የልጅነታቸው ዘመን በዚህ ማዕረግና ምቾት ውስጥ አለፈ፤ ስለ እርሱም ከዚህ በላይ መዘርዘር ለተያዘው ጉዳይ የሚጨምረው ነገር የለም።

ወደ ሥራ ያመጣቸው ጦርነት ነው። በ1927 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ዝግጅት ገሃድ በሆነ ጊዜ በአዲስ አበባ የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቁሞ ልዕልት ፀሐይ፣ ዕድሜያቸው 16 ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በአመራሩ ላይ ተቀመጡ። የማኅበሩ ሴቶች ፋሻ ይቀዱ፣ ለዘማቹ ልብስ ይሰፉ፣ ከመርዝ ጋዝ መከላከያ የሚሆን የፊት መሸፈኛ ያዘጋጁ ነበር። የመኳንንቱ ሚስቶችና የተራው ሰው ሴቶች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው አንድ ዓይነት ሥራ ሲሠሩ መታየታቸው ለዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ተመሠረተ።

የጦርነቱ ገጽታ በደቡብ ግንባር ምን ይመስል እንደ ነበር ለይርጋጨፌና ለአካባቢው ሰው እንግዳ ታሪክ አይደለም። ዛሬ የጌዴኦ ዞን የሚባለው አገር ያን ጊዜ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ሲሆን፣ የሲዳሞ ገዥና የደቡብ ጦር አዛዥ የነበሩት ራስ ደስታ ዳምጠው የልዕልት ፀሐይን ታላቅ እኅት ልዕልት ተናኘወርቅን ያገቡ ነበሩ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ከራስ ደስታ ጦር ጋር ዘምቶ በመልካ ዲዳ የሠፈረውን የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደበደቡት። የጓዱ መሪ ዶክተር ፍሪደ ሂላንደር ቆሰሉ፤ ከሕሙማኑና ከሠራተኞቹ ብዙዎች አለቁ። በድንኳኖቹ ላይ የተዘረጋው የቀይ መስቀል ምልክት ማንንም አላዳነም። ልዕልት ፀሐይ በዚያው ወራት የመርዝ ጋዙን ጭካኔ ለውጭ አገር የሴቶች ማኅበራት በማሳወቅ ተግባር ላይ ነበሩ። ቁስለኛን ማስታመም ማለት ፋሻ መቅደድ ብቻ አለመሆኑን፣ ፋሻውን ማሰር የሚያውቅ እጅ እጅግ ጥቂት መሆኑን በዚያን ጊዜ እንደ ተረዱት ከኋላ አካሄዳቸው መገመት አያስቸግርም።

የማይጨው ጦር ከተፈታ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱና ቤተ ሰባቸው ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ልዕልት ፀሐይ አባታቸውን ተከትለው በግንቦት መጨረሻ ለንደን ገቡ። የስደት ኑሮው ባዝ በምትባለው ከተማ፣ ፌርፊልድ በተሰኘው ቤት ጸና። ገንዘቡ እያለቀ፣ የእንግሊዝ ብርድ እየበረታ፣ ከአገር የሚመጣው ወሬ እያስጨነቀ በሄደበት በዚያ ቤት ለአንዲት ወጣት ልዕልት ክፍት የነበረው የተለመደ መንገድ መጠበቅና መጸለይ ነበር። እሳቸው ግን በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1936፣ በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል በተለማማጅ ነርስነት ተመዘገቡ።

ይህ ሆስፒታል በእንግሊዝ አገር ለሕፃናት ብቻ ተብሎ የተከፈተ የመጀመሪያው የተኝቶ መታከሚያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1852 ሲጀመር የነበሩት አልጋዎች 10 ብቻ ነበሩ። ልዕልቲቱ በገቡበት ዘመን ግን በዓለም የታወቀ የትምህርት ስፍራ ሆኖ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይሸፈን መነገር አለበት። በዚያ ዘመን ጥቁር ሴቶችን ለነርስነት ትምህርት የሚቀበሉ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ጥቂቶች ነበሩ፤ ስለዚህ በሩን የከፈተላቸው የንጉሥ ልጅነታቸው ሳይሆን አይቀርም። ከበሩ ወዲያ ግን የንጉሥ ልጅነት የሚሠራው ሥራ አልነበረም። የሕፃናት ነርስ ተብሎ በመንግሥት መዝገብ ለመስፈር ሦስት ዓመት በዋርድ መሥራትና ፈተና ማለፍ ግዴታ ነበር፤ ለማንም ዘውድ ተብሎ የሚቀነስ ቀን አልነበረውም።

በዚያ ዘመን የተለማማጅ ነርስ ኑሮ እንዴት እንደ ነበር ማወቅ የልዕልቲቱን ነገር ለመረዳት ይጠቅማል። ተለማማጆቹ የሚያድሩት በሆስፒታሉ ግቢ በነርሶች መኖሪያ ሲሆን መውጫና መግቢያቸው በሰዓት የተወሰነ ነበር። ሥራው የሚጀምረው በማለዳ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ተግባር የሚበዛው በመርፌና በመድኃኒት ሳይሆን በመጥረጊያና በውኃ ነበር፤ አልጋ ማንጠፍ፣ ወለልና ቁምሳጥን መወልወል፣ የሕሙማኑን ሽንትና ዓይነ ምድር መቀበያ ዕቃ ማጠብ፣ ሕፃናትን ማጉረስ፣ ሙቀት ለክቶ መጻፍ። ትምህርቱ የሚሰጠው ከሥራው ሰዓት ላይ ተቀንሶ ሳይሆን በድካሙ ላይ ተደርቦ ነበር። ከተለማማጂቱ በላይ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች፣ ከእነርሱ በላይ የተመረቁ ነርሶች፣ ከዚያ በላይ የዋርዱ ሲስተር፣ ከሁሉም በላይ ሜትሮኗ ነበሩ። አንዲት ተለማማጅ ከእሷ በስድስት ወር ለቀደመችው ጓደኛዋ በር ከፍታ ታሳልፍ ነበር።

ይህ ሥርዓት ብዙ ነቀፌታ የሚገባው ነው። የአዛዡን ቃል ሁሉ ያለ ጥያቄ መቀበልን ያስተምር ነበር፤ ተለማማጂቱ ያየችውን ስሕተት እንድትናገር አያደፋፍርም። ነገር ግን አንድ ታላቅ ነገር ይዞ ነበር፤ ማንም ሰው ብቻውን አይሠራም። የቀን ተረኛዋ ስትወጣ የሌሊቷ ተረኛ አጠገቧ ቆማ የእያንዳንዱን ሕፃን ነገር አንድ በአንድ ትረከባለች፤ ማን እንደ በላ፣ ማን እንዳስመለሰው፣ የማን ትኩሳት እንደ ወጣ፣ ሐኪሙ ምን እንዳዘዘ። የብረት ሥራ የሚያውቅ ሰው ጠንካራነቱን ሲመረምር አስቀድሞ የሚያየው መጋጠሚያውን ነው። የዋርድም መጋጠሚያው ርክክቡ ነው። ሁለቱ ተረኞች የተኳረፉ እንደ ሆነ የሚጎድለው ቃል የሚጎዳው ተኝቶ ያለውን ነው። በተለይ የሕፃናት ዋርድ ይህን አጥብቆ ይፈልጋል፤ ሕፃን ያመመውን መናገር አይችልምና፣ ትናንት እንዲህ አልነበረም ብላ የምትመሰክርለት ትናንት ያየችው ነርስ ብቻ ናት።

በሐኪምና በነርስ መካከል ያለውም ግንኙነት እንዲሁ ከጥንት ጀምሮ የታሰበበት ጉዳይ ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በኅዳር 1854 38 ሴቶችን ይዘው ስኩታሪ በደረሱ ጊዜ የጦሩ ሐኪሞች አልፈለጓቸውም ነበር። ወለሉ በቁስለኛ ተጥለቅልቆ ሳለ ናይቲንጌል ነርሶቻቸውን ሐኪሞቹ ራሳቸው እስኪጠሯቸው ድረስ ወደ ዋርዶቹ እንዳይገቡ ከለከሉ፤ የጠበቁትም ጥሪ ብዙ ሳይቆይ መጣ። ይህን ሥራቸውን ጭካኔ ያሉት አሉ። ሆኖም የሐኪሙ አመኔታ ከሌለ የነርሷ ትጋት ከበር እንደሚመለስ አስቀድመው ያወቁ ብልህ ሴት ነበሩ። ደግሞም የሞቱ ቁጥር በእውነት የቀነሰው በቀጣዩ መጋቢት ከእንግሊዝ የተላኩት የጤና መርማሪዎች፣ ከእነርሱም አንዱ መሐንዲስ ሮበርት ሮውሊንሰን፣ የሆስፒታሉን የቆሻሻ ቦይ ካስጠረጉና አየር ካስገቡ በኋላ መሆኑን ናይቲንጌል ራሳቸው በቁጥር አሳይተዋል። የነርስ ፍቅር የተዘጋ ቦይ አይከፍትም።

ወደ ልዕልት ፀሐይ ስንመለስ፣ ሦስቱን ዓመት ያለ ማቋረጥ ፈጽመው በነሐሴ 1931 ዓ.ም. በሕፃናት ነርስነት በመንግሥት መዝገብ ተመዘገቡ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ የቀሩት ቀናት ጥቂት ነበሩ።

ሰውን በሥራው የሚያጸናው ምንድር ነው የሚለውን ጥያቄ የዘመናችን የሥራ ጠባይ ተመራማሪዎች በሦስት ከፍለው ያዩታል። አንዱ ሥራውንና የሥራ ባልደረቦቹን ስለሚወድ የሚጸና ነው። ሁለተኛው ቢለቅ የሚሄድበት ስለሌለው የሚጸና ነው። ሦስተኛው ውለታና ግዴታ ስላለበት የሚጸና ነው። ሦስቱም በየሆስፒታሉ በየቀኑ የሚታዩ ናቸው፤ ውጤታቸው ግን አንድ አይደለም። የሚሄድበት አጥቶ የቀረ ሠራተኛ ሰዓቱን ይሞላል፤ ከሰዓቱ በላይ ያለውን ግን ከእርሱ መጠበቅ ያስቸግራል። ልዕልቲቱ ሁለተኛው ምክንያት ፈጽሞ አልነበራቸውም። በማንኛውም ማለዳ ልብሳቸውን አውልቀው ወደ ባዝ ቢመለሱ የሚጠይቃቸው አልነበረም። ሦስተኛው፣ ማለትም በወረራ ሥር ላለው ሕዝባቸው የነበራቸው ግዴታ፣ ብርቱ እንደ ነበር ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ስድስት ሺሕ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቅ ሕዝብ ትዝታ ብቻውን አንዲትን ወጣት በሌሊት ተረኛነት ለሦስት ዓመት ያቆማል ማለት ያዳግታል። ከጎን የሚቆም፣ ሲደክሙ የሚተካ፣ ሲሳሳቱ በጓደኝነት የሚያርም ባልደረባ ያስፈልጋል። ሕፃናቱም ራሳቸው ያስፈልጋሉ።

የመጀመሪያው ምስክር ወረቀት ለብዙዎች በቂ ነበር። እሳቸው ግን ወደ አገራቸው ሲመለሱ የሚጠብቋቸው ሕፃናት ብቻ አለመሆናቸውን አስበው የአዋቂዎችን ሕክምና ለመማር ጋይስ ወደሚባለው ታላቅ የለንደን ሆስፒታል ገቡ። እንደገና ተማሪ መሆን፣ እንደገና ከታች መጀመር ነበር። ከ1932 ዓ.ም. ጳጉሜን ጀምሮ የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን በየሌሊቱ ሲደበድቡ ጋይስ ሆስፒታል ራሱ በቦምብ ተመታ። በአዲስ አበባ ስለ ፋሻ ያሰቡት ወጣት አሁን ከአየር የሚወርድ እሳት የጎዳቸውን ሰዎች በሚያክም ሆስፒታል ውስጥ ሠራተኛ ነበሩ። የሁለቱን ጦርነቶች አንድነት ከእሳቸው ይልቅ በቅርብ የሚያውቅ ነርስ በዚያ ሆስፒታል ውስጥ ነበረ ለማለት ያዳግታል። በዚያው ዘመን ኢጣሊያ ውስጥ በግዞት የነበሩት እኅታቸው ልዕልት ሮማነወርቅ ቱሪን ላይ ማረፋቸው በሐዘናቸው ላይ ሌላ ሐዘን ጨመረ።

ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ ልዕልት ፀሐይም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከአምስት ዓመት ወረራ የወጣችው ኢትዮጵያ የራሷ የሕክምና ትምህርት ቤት አልነበራትም፤ ከጦርነቱ በፊት በውጭ አገር ተምረው የመጡ ብዙ ወጣቶች በፋሺስት እጅ አልቀው ነበር። ሆስፒታል ተብለው የቀሩት ቤቶች ሐኪም ያጥራቸው ነበር። ነርስ ግን ከሐኪምም ይልቅ ያጥር ነበር። ልዕልቲቱ በደሴ ሆስፒታል ገብተው በነርስነት አገለገሉ። ለአንድ የንጉሥ ልጅ በዋርድ መሥራት በለንደን እንግዳ ቢሆን፣ በደሴ ከዚያ እጅግ የበለጠ እንግዳ ነበር። በለንደን ማንም ወደ ላያቸው ወጥቶ ሊያዛቸው ይችል ነበር፤ በአገራቸው ግን የትኛዋ ረዳት፣ የትኛውስ ድሬሰር ለልዕልት ተሳስተዋል ሊል ይደፍራል? ማዕረግ በዋርድ ውስጥ የሚያመጣው ጉዳት ይህ ነው፤ ትእዛዙን ያፈጥናል፣ እርማቱን ግን ይዘጋል። ልዕልት ፀሐይ የነርስ ልብስ ለብሰው በሕሙማን መካከል መቆማቸው ይህን ግድግዳ ሙሉ በሙሉ አፈረሰው ለማለት ማስረጃ አይኖርም። ሰንጥቀውታል ማለት ግን ይቻላል፤ የአካልን እድፍ ማጠብ ዝቅ ያለ ሥራ ነው የሚለው አስተያየት ከዚያ ወዲያ ሳያፍር ሊነገር አይችልም ነበርና።

በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. ሌተና ኮሎኔል አቢይ አበበን አገቡ። ባለቤታቸው የወለጋ ገዥ ሆነው በመሾማቸው አዲሶቹ ተጋቢዎች ወደ ነቀምቴ ወረዱ። ልዕልቲቱ በዚያ የሕክምና ሥራ የማስፋፋት ሐሳብ ነበራቸው። አገሩ ለዚህ የሚሆን መሠረት ያልነበረው አይደለም፤ የስዊድን ሚሲዮን ሐኪም ቤት ከጦርነቱ በፊት በነቀምቴ ተከፍቶ ነበር። ነገር ግን ወረራው የስዊድን ሚሲዮናውያንን ከአገር አስወጥቶ የብዙ ዓመት ሥራቸውን በትኖት ነበር። የሕክምና ቤት ግድግዳው ቢቆምም ሰዎቹ ከተበተኑ ቤት ብቻ ነው።

ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ልዕልት ፀሐይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ነቀምቴ ላይ ዐረፉ። ዕድሜያቸው 23 ዓመት አልሞላም። ከተጋቡ አራት ወር እንኳ አልሞላቸውም። ወራቱ ክረምት፣ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ሩቅ ነበር።

በዚህ ሞት ላይ ቆም ማለት ይገባል። ነቀምቴ ላይ ከነበሩት ሴቶች ሁሉ የሰውነትን ነገር በትምህርት ያወቁት እሳቸው ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁለት ታላላቅ ሆስፒታሎች አስተምረዋቸዋል። የልብ ምት ሲፈጥን፣ ፊት ሲገረጣ፣ እጅና እግር ሲቀዘቅዝ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቁ ነበር። ምናልባት የራሳቸውን ሁኔታ በዙሪያቸው ከቆሙት ሁሉ ቀድመው የተረዱት እሳቸው ይሆናሉ። ይሁን እንጂ ዕውቀት ያለው በሽተኛ ራሱን ማስታመም አይችልም። ከእርግዝና የሚመጣ ድንገተኛ አደጋ፣ በተለይም ደም መፍሰስ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ እጅ ይፈልጋል፤ አንዱ ማሕፀኑን ይይዛል፣ ሁለተኛው በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጣል፣ ሦስተኛው የደም ግፊቱን እየለካ ይናገራል፣ አራተኛው ሐኪሙን ይጠራል፣ አምስተኛው ደም ሊያመጣ ይሮጣል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ሌሎቹ አራቱ በከንቱ ሊደክሙ ይችላሉ። በለንደን ዋርድ ውስጥ ልዕልቲቱ ከእንደነዚህ ዓይነት እጆች አንዱ ነበሩ። በነቀምቴ ግን እጆቹ አልነበሩም። አባት ንጉሠ ነገሥት፣ ባል ገዥ፣ ሕመምተኛዋ ራሷ ነርስ፤ ይህ ሁሉ ተሰብስቦ የአንድ ዋርድን ሥራ መሥራት አልቻለም።

አስከሬናቸው ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በታእካ ነገሥት በአታ ለማርያም ገዳም ዐረፈ።

ዜናው እንግሊዝ አገር በደረሰ ጊዜ ሲልቪያ ፓንክረስት ለልዕልቲቱ መታሰቢያ የሚሆን ሆስፒታል እንዲሠራ ተነሡ። እኒህ ሴት ለእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት የታገሉ፣ ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ በጋዜጣቸው ስለ ኢትዮጵያ ነጻነት ያለማቋረጥ የጻፉ፣ ልዕልቲቱንም በቅርብ የሚያውቁ ነበሩ። ገንዘቡ ለዓመታት ከብዙ እጅ በጥቂት በጥቂቱ ተለቀመ። ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1940ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ተከፈተ። ከሆስፒታሉም ጋር የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። የመታሰቢያው ታላቅ ቁም ነገር ይህ ትምህርት ቤት ነው፤ ሐውልት ቢቆም ኖሮ ልዕልቲቱን ያስታውስ ነበር፣ ትምህርት ቤቱ ግን ነቀምቴ ላይ የጎደሉትን እጆች ማፍራት ጀመረ። በዚያው ዘመን አካባቢ በቀይ መስቀልና በሌሎችም ሆስፒታሎች ተመሳሳይ ትምህርት ቤቶች ተከፍተው ነበር፤ ነቀምቴም ከእነዚህ ስፍራዎች አንዷ ሆነች።

ጥቂት ቆይቶ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲጀመር ነገሩ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። በዚያ የጤና መኰንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የጤና አጠባበቅ ሠራተኛ በአንድ ግቢ ተምረው በአንድ ጤና ጣቢያ እንደ አንድ ጓድ እንዲሠሩ ይላኩ ነበር። ሙያቸው ልዩ ልዩ ሲሆን አንዱ የሌላውን ሥራ ዋጋ ገና በተማሪነት ያውቅ ነበር። የሕክምና ሥራ ከጅምሩ የጋራ መሆኑን ኢትዮጵያ በመዋቅር ያረጋገጠችበት ሐሳብ ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ በቁጥርም ተመርምሯል። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ 13 ሆስፒታሎች በጽኑ ሕሙማን ክፍል የታከሙ 5,030 በሽተኞች ተጠንተው በሆስፒታሎቹ መካከል የታየው የሞት ልዩነት ከመሣሪያው ይልቅ ከሐኪሞችና ከነርሶች የሥራ ግንኙነትና ቅንጅት ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ በፔንሲልቬንያ 168 ሆስፒታሎች በተደረገ ጥናት በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ተጨማሪ በሽተኛ በጫኑ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ከፍ እንደሚል ታየ። ሁለተኛው ጥናት ለአስተዳዳሪዎች ሁሉ ሊነበብ የሚገባው ነው። የሰው ኃይል ባጠረ ቁጥር የነርሶችን መሥዋዕትነት በስብሰባ ላይ ማወደስ የተለመደ ነው፤ ምስጋናው መልካም ሆኖ ሳለ ባዶውን የሥራ መደብ አይሞላም። ልዕልት ፀሐይም አንዳንድ ጊዜ ለዚህ ዓይነት ውዳሴ ምሳሌ ተደርገው ይጠቀሳሉ። ታሪካቸው ግን የሚመሰክረው ተቃራኒውን ነው።

በይርጋጨፌ ገደላማ ቀበሌዎች ከእንሰቱና ከቡናው መካከል ምጥ የያዛት ሴት ዛሬ የሚጠብቋት እጆች በሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ታያታለች፤ መንገድ እስኪገኝ ድረስ ጎረቤት በቃሬዛ ይሸከማታል፤ አምቡላንሱ ከጥርጊያው መንገድ ይቀበላታል፤ የከተማው ሆስፒታል አዋላጅ ነርስ ትመረምራታለች፤ ነገሩ ከበረታም ሪፈር ተጽፎላት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ትላካለች። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ አንድ ሰው ለሌላው የሚያስረክበው ቃል አለ፤ ምጡ መቼ እንደ ጀመረ፣ ምን ያህል ደም እንደ ፈሰሰ፣ የትኛው መርፌ በስንት ሰዓት እንደ ተወጋ። ይርጋጨፌ ላይ የጻፈችው ነርስና ዲላ ላይ የምታነብበው ነርስ ምናልባት በፊት አይተዋወቁም። የአንዲቱ ወረቀት በጥድፊያ የተሞላ፣ ሰዓቱ የተዘለለ እንደ ሆነ ሁለተኛዋ ከዜሮ ትጀምራለች፤ የሚባክነውም ደቂቃ የታካሚዋ ነው። የተሟላ እንደ ሆነ ግን ተሽከርካሪው ከመድረሱ በፊት ደሙ ተዘጋጅቶ፣ የቀዶ ሕክምናው ክፍል ተከፍቶ ይጠብቃል።

በአዲስ አበባ የልዕልቲቱን ስም ይዞ የተከፈተው ሆስፒታል በኋላ ለሠራዊቱ ተላልፎ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ፤ በዙሪያው ያለውም ሰፈር በዚሁ ስም ይጠራል። የታክሲ ረዳቱ ጦር ኃይሎች እያለ ሲጣራ ቦታው በአንድ ወቅት የማን መታሰቢያ እንደ ነበር የሚያስታውሱ ተሳፋሪዎች ጥቂቶች ናቸው። በሆስፒታሉ ውስጥ ግን የቀኑ ተረኛ ሊወጣ የሌሊቱ ሊገባ ሲል ሁለት ነርሶች ከአልጋ ወደ አልጋ እየተዘዋወሩ ይረካከባሉ።